በሊትር ስንት? በመቶ ኪሎ ሜትርስ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ከአዳማና ከአካባቢዋ ነዳጅን የሚመለከቱ ብዙ ጥያቄዎች ደርሰውናል። ጠያቂዎቹ የባጃጅ ባለንብረት፣ ሹፌር፣ ነጋዴና ወላጅ ናቸው፤ ሁሉም ግን ሁለት ነገሮችን አነጻጽሮ የሚበጀውን ማወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለነዳጅ ስሌት ሰጥተነዋል። ለስሌት እንዲመች ቤንዚኑንም ናፍጣውንም ሊትሩን 130 ብር አድርገን ይዘናል። እርስዎ ሲያሰሉ የዕለቱን ዋጋ ይተኩበት፤ ብሩ ይለወጣል እንጂ የስሌቱ መንገድ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ባጃጅ አለኝ። አንደኛው ሹፌር በ4 ሊትር ተኩል 126 ኪሎ ሜትር ሠራሁ ይለኛል። ሁለተኛው 7 ሊትር ፈጅቶ 175 ኪሎ ሜትር ሄዷል። «ብዙ ስለሠራሁ ነው ብዙ የፈጀሁት» ይላል። ነዳጅ የሚበላው የትኛው ባጃጅ ነው? ልዩነቱስ ጋራዥ የሚያስገባ ነው?
የባጃጆች ባለንብረት፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ አዳማ

መልስ፦ ሹፌርዎ ያለው ከፊሉ ልክ ነው፤ ብዙ የሄደ ብዙ ይፈጃል። ስለዚህ 4.5 ሊትርን ከ7 ሊትር ጋር ማነጻጸር ምንም አይነግርዎትም፤ 126ን ከ175 ጋር ማነጻጸርም እንዲሁ። ሁለቱንም ወደ አንድ ሊትር ያውርዷቸው። 126 ለ4.5 ሲካፈል 28 ይሆናል፤ 175 ለ7 ሲካፈል 25። የመጀመሪያው በሊትር 28፣ ሁለተኛው በሊትር 25 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ነዳጅ የሚበላው ሁለተኛው ነው፤ ብዙ መሥራቱ ይህን አይሸፍነውም።

3 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ወደ ብር እንለውጠው። ባጃጅዎ በቀን 120 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን ይሠራል እንበል፤ በወር 3,120 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የመጀመሪያው ለዚህ 111.4 ሊትር፣ ሁለተኛው 124.8 ሊትር ይፈጃል። ልዩነቱ 13.4 ሊትር ገደማ ነው፤ በ130 ብር ሲባዛ በወር 1,740 ብር አካባቢ ይመጣል። ይህ ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪው)፣ የአየር ፊልትሮና የካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) እጥበት የሚያወጣ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አዎ፣ ልዩነቱ እውነተኛ ከሆነ ጋራዥ ያስገባል።

«እውነተኛ ከሆነ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ ሹፌሮች የነገሩዎት ቁጥር እንዴት እንደተለካ አልጻፉልንም። የነዳጅ መጠን ጠቋሚዋን አይቶ «ግማሽ ነበር፣ አሁን ሩብ ሆነ» ማለት ልኬት አይደለም። «የ600 ብር ቀዳሁ» ማለትም ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ይፈርሳል። ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የተገዛ ቤንዚን ደግሞ ሁለት ሊትር ይባል እንጂ አንገቱ ድረስ ሞልቶ ይሁን ጎድሎ የሚያረጋግጥ የለም። ባለሁለት ሊትሩ ጠርሙስ 1.8 ብቻ ይዞ ከሆነ ላልቀዱት 0.2 ሊትር ከፍለዋል፤ ባጃጁም ሳያጠፋ ነዳጅ በላ ይባላል።

አስተማማኙ ከሙሉ እስከ ሙሉ መለካት ነው። አንድ ማደያ ይምረጡ፤ ከተቻለ ያንኑ ፓምፕ፣ ባጃጁም መሬቱ ደልዳላ በሆነበት ይቁም። የፓምፑ አፍንጫ ራሱ መጀመሪያ «ቀጭ» ብሎ ሲዘጋ ያቁሙት፤ «ትንሽ ጨምርበት» አይበሉ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ ይጻፉ። በዚህ ጊዜ የተቀዳው ሊትር ለስሌቱ አይገባም፤ ሰርባቶዮው (የነዳጅ ማጠራቀሚያው) ሙሉ መሆኑን ብቻ ነው የሚያረጋግጥልን። ከዚያ በኋላ በተቀዳ ቁጥር ሊትሩን ይመዝግቡ። መጨረሻ ላይ እንደገና ልክ እንደ መጀመሪያው ሞልተው ቆጣሪውን ያንብቡ።

ምሳሌ እንስጥ። መነሻ ንባብ 41,260 ነበር። ከዚያ 4.2፣ 3.9፣ 4.6 እና 4.3 ሊትር ተቀዳ፤ የመጨረሻው እንደገና ልክ እንደ መጀመሪያው የሞላው ነው። መድረሻ ንባብ 41,702። የተሄደው 442 ኪሎ ሜትር፣ የተቀዳው በድምሩ 17 ሊትር፤ 442 ለ17 ሲካፈል በሊትር 26 ኪሎ ሜትር። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የመጀመሪያውን ሙሌት ሲደምር ነው፤ 17 የነበረው 22 ወይም 23 ይሆንና ደህናው ባጃጅ ክፉኛ የሚበላ ይመስላል።

ለምን አንድ ቀን ብቻ አይበቃም? የባጃጅ ሰርባቶዮ 8 ሊትር ገደማ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ ነው። «ሙሉ» ስንል 0.3 ሊትር ብንስት፣ በ3 ሊትር ልኬት ላይ ስህተቱ 10 በመቶ ይሆናል። ያው 0.3 ሊትር በ17 ሊትር ላይ 2 በመቶም አይሞላ። በ28 እና በ25 መካከል ያለው ልዩነት 11 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ ቀን ሙሌት ብቻ ከተለካ ሙሉ በሙሉ የልኬት ስህተት ሊሆን ይችላል። ሙቀትም አለ፤ ቤንዚን በ10 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት 1 በመቶ ገደማ ይሰፋል። መነሻውንም መድረሻውንም ጠዋት ከሞሉ ይህን ከሐሳብ ያወጡታል።

የቆጣሪው ገመድ ተበጥሶ ወይም እየተንሸራተተ ከሆነ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ርቀቱን በስልክ ካርታ በሚያውቁት ቀጥ ያለ መንገድ፣ ለምሳሌ ወደ ወንጂ በሚወስደው፣ 10 ኪሎ ሜትር ነድተው ከቆጣሪው ጋር ያስተያዩት። ቆጣሪው 9.5 ካለ፣ ያነበቡትን ሁሉ ለ0.95 እያካፈሉ ያርሙ።

ልዩነቱ ከዚህ ሁሉ በኋላም ካለ፣ ከጋራዥ በፊት አንድ ነገር እንመክራለን፦ ሁለቱን ሹፌሮች ባጃጅ አቀያይረው አንድ ዙር ይለኩ። ብክነቱ ከባጃጁ ጋር ከቀረ ችግሩ ሞተሩ ላይ ነው። ከሹፌሩ ጋር ከሄደ ግን አነዳዱ ወይም የሥራው ጠባይ ነው፦ በከፍተኛ ማርሽ መሄድ ሲቻል በሁለተኛ መንዳት፣ ተራ ሲጠብቁ ሞተር አለማጥፋት። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ሊትር ይፈጃል፣ ኪሎ ሜትር ግን ዜሮ ነው፤ የመናኸሪያ ተራ ጠባቂና ቀኑን ሙሉ በኮንትራት የሚሮጥ ባጃጅ በአንድ ቁጥር አይዳኙም። ለሹፌሩ ፍትሕ ሲባል ይህ መታየት አለበት፤ በተለይ የነዳጁን ሂሳብ ከገቢው ላይ የሚቆርጡበት ከሆነ።

ጥፋቱ የባጃጁ ከሆነ በርካሹ ይጀምሩ። የጎማ ነፋስ ያስለኩ። ጎማዎቹን ተራ በተራ ከመሬት አንስተው በእጅ ያሽከርክሩ፤ የሚከብድ ካለ ፍሬኑ ይዞታል። የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ይዩ። ካንዴላው ጫፉ ጥቁርና ጥላሸታም ከሆነ ሞተሩ ከአየር ይልቅ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ካርቡሬተር መፍታት የመጨረሻው ይሁን።

ጥያቄ፦ 7ኛ ክፍል የምትማር ልጄ ይህን የቤት ሥራ ይዛ መጣች፦ «ሀ መኪና በ1 ሊትር 12 ኪ.ሜ ይሄዳል። ለ መኪና ለ100 ኪ.ሜ 8 ሊትር ይፈጃል። የትኛው ነዳጅ ይቆጥባል?» ልጄ 12 ከ8 ስለሚበልጥ ሀ ነው ብላለች። መምህሯ ኤክስ አድርገውባታል። እኔም ማስረዳት አቃተኝ።
እናት፣ አዳማ

መልስ፦ ልጅዎ ያነጻጸረቻቸው ሁለት ቁጥሮች የተለያየ ነገር የሚናገሩ ናቸው። 12 ለአንድ ሊትር የሚገኝ ርቀት ነው፤ 8 ለመቶ ኪሎ ሜትር የሚከፈል ነዳጅ ነው። አንዱ ሲበዛ ይሻላል፣ ሌላው ሲያንስ። ከማነጻጸር በፊት ሁለቱም «ለአንድ ምን?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ ሊኖራቸው ይገባል።

ለ መኪናን ወደ አንድ ሊትር እናምጣ፦ 100 ለ8 ሲካፈል 12.5 ኪ.ሜ። ስለዚህ ለ በሊትር ግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በሌላውም አቅጣጫ ብትሠራው ያው ነው፦ ሀ ለ100 ኪ.ሜ 100 ለ12፣ ማለትም 8.33 ሊትር ይፈጃል፤ ለ ደግሞ 8። በሁለቱም መንገድ ሠርታ ያው መልስ መምጣቱን ማየቷ ጥሩ ማረጋገጫ ነው።

ከዚህ አልፋ ርቱዕ ወደር (አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላውም እጥፍ የሚሆንበት) ምን እንደሆነ እንድታይ ሠንጠረዥ ታዘጋጅ። ለሀ መኪና፦ 5 ሊትር 60 ኪ.ሜ፣ 10 ሊትር 120፣ 15 ሊትር 180። እያንዳንዱን ርቀት በሊትሩ ስታካፍል ሁልጊዜ 12 ይመጣል። ያ የማይለወጠው 12 የወደሩ ቋሚ ቁጥር ነው። ነጥቦቹን በግራፍ ብታስቀምጥ ከዜሮ ተነስቶ ቀጥ ብሎ የሚወጣ መስመር ታገኛለች።

እዚህ ላይ ተማሪዎችን የሚያደናግር ነገር አለ። አግድሙ ላይ ሊትር፣ ቋሚው ላይ ኪሎ ሜትር ካለ፣ ይበልጥ ሽቅብ የወጣው መስመር የቆጣቢው መኪና ነው። ዘንጎቹ ከተቀያየሩ፣ አግድሙ ኪሎ ሜትር ቋሚው ሊትር ከሆነ፣ ይበልጥ ሽቅብ የወጣው የበላተኛው ነው። የመስመሩን ቁልቁለትና ዳገት ከማየቷ በፊት ዘንጎቹ ላይ የተጻፈውን ታንብብ።

ሌላ ልምምድ ይስጧት፦ ሀ መኪና 40 ሊትር ሞልቶ ተነሣ። ከ60 ኪ.ሜ በኋላ 35 ሊትር፣ ከ120 በኋላ 30፣ ከ240 በኋላ 20 ሊትር ቀረው። የቀረው ነዳጅና የተሄደው ርቀት ወደር አላቸው? ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ ብዙዎች «አዎ» ይላሉ። ታካፍል፦ 35 ለ60 ሲካፈል 0.58፣ 30 ለ120 ሲካፈል 0.25። ቋሚ አይደለም፤ መስመሩም ከዜሮ አይነሣም። ወደር የለም። የተቃጠለውን ሊትር ከወሰደች ግን 5 ለ60፣ 10 ለ120፣ 20 ለ240፣ ሁሉም እኩል ነው።

ጥያቄ፦ ከአዳማ አዲስ አበባ ሚኒባስ እነዳለሁ። ስወጣ በሊትር 8፣ ስመለስ በሊትር 12 ኪ.ሜ ትሄድልኛለች። አማካዩ 10 ነው ብዬ ነው ሂሳብ የምሠራው፤ ግን ሁልጊዜ ነዳጁ ካሰብኩት ቀድሞ ያልቃል። ማደያው ላይ እየተሰረቅሁ ይሆን?
ሹፌር፣ አዳማ

መልስ፦ ማደያውን ከመጠርጠርዎ በፊት 10 የሚለውን ቁጥር ይጠርጥሩ። መንገዱን በአንድ በኩል 100 ኪ.ሜ እንበለው። ሲወጡ 100 ለ8፣ 12.5 ሊትር ያቃጥላሉ። ሲመለሱ 100 ለ12፣ 8.33 ሊትር። ድምሩ 20.83 ሊትር ለ200 ኪ.ሜ ነው፤ 200 ለ20.83 ሲካፈል 9.6 እንጂ 10 አይመጣም። በ10 ሲያሰሉ 20 ሊትር ይበቃል ብለው ነው የሚነሱት፤ በየደርሶ መልሱ 0.83 ሊትር ይጎድልዎታል። በቀን ሁለት ደርሶ መልስ ከሠሩ 1.67 ሊትር፣ በ130 ብር 217 ብር። «ተሰረቅሁ» ያሰኘዎት ይህ ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በሊትር 8 የሚሄዱበት መንገድ ብዙ ሊትር የሚቃጠልበት ነው፤ ስለዚህ በአማካዩ ውስጥ ክብደቱ ይበልጣል። ሁለቱን ቁጥሮች ደምሮ ለሁለት ማካፈል ግን ሁለቱንም እኩል ያደርጋቸዋል። ትክክለኛው መንገድ ሁልጊዜ ጠቅላላ ኪሎ ሜትርን ለጠቅላላ ሊትር ማካፈል ነው። ሥራውን ማቅለል ከፈለጉ በመቶ ኪሎ ሜትር ይያዙት፦ መውጫው 12.5፣ መመለሻው 8.33 ሊትር፤ እነዚህን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ይቻላል፤ 10.42 ሊትር በመቶ ኪሎ ሜትር ይመጣል። ይህ የሠራው መውጫውና መመለሻው እኩል ርቀት ስለሆኑ ነው። በመውጫው ፈጣን መንገዱን፣ በመመለሻው በሞጆና በቢሾፍቱ የድሮውን መንገድ ከያዙ ርቀቶቹ ስለማይስተካከሉ ወደ ጠቅላላ ድምር ይመለሱ።

ሲወጡ በላተኛ መሆኗ የሚኒባሷ ጥፋት አይደለም። አዲስ አበባ ከአዳማ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ያን ያህል ተሳፋሪና ዕቃ ሽቅብ የሚያነሣው ነዳጁ ነው። በእጅዎ ያለው ፍጥነቱ ነው። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ከ80 ወደ 100 ኪ.ሜ በሰዓት ሲጨምሩ ግፊቱ 1.56 እጥፍ ይሆናል። ጣሪያው ላይ ዕቃ ከተጫነ ደግሞ ይብሳል።

ይህን ሁሉ አርመው 9.6 ይዘው እያሰሉም ከጎደለ፣ ያኔ 20 ሊትር የሚይዝ፣ ልኩ የታወቀ ዕቃ ወስደው ፓምፑን ይፈትሹት።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ መጽሐፍ በጋሎን 30 ማይል ይላል። በእኛ ስንት ነው?
አንባቢ፣ ሐዋሳ

መልስ፦ መኪናው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ ጋሎኑ 3.785 ሊትር ነው፤ ማይል 1.609 ኪ.ሜ ነው። 30 ማይል 48.3 ኪ.ሜ፣ ለ3.785 ሲካፈል በሊትር 12.75 ኪ.ሜ። መጽሐፉ የእንግሊዝ ከሆነ ግን ጋሎኑ 4.546 ሊትር ስለሆነ ያው 30 በሊትር 10.6 ብቻ ይሆናል። አቋራጭ፦ የአሜሪካውን በ0.425፣ የእንግሊዙን በ0.354 ያባዙ። ያገለገለ መኪና ሲገዙ የትኛው ጋሎን እንደሆነ ያልለየ ሻጭ በሊትር ሁለት ኪሎ ሜትር አሳስቶ ሊነግርዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ አንድ አይሱዙና አንድ ቪትዝ አለኝ። መካኒኩ ሁለቱንም ብታሠራ አይሱዙው በሊትር ከ4 ወደ 5፣ ቪትዟ ከ12 ወደ 16 ትገባለች አለኝ። ለአሁኑ የአንዱን ብቻ ነው የምችለው። ቪትዟ 4 ኪ.ሜ ስለምትጨምር እሷን ላሠራ?
ነጋዴ፣ አዳማ

መልስ፦ አይሱዙውን ያሠሩ። በመቶ ኪሎ ሜትር ያለውን ይመልከቱ፦ አይሱዙው 25 ሊትር ይፈጅ የነበረው 20 ይሆናል፤ 5 ሊትር ተረፈ። ቪትዟ 8.33 ትፈጅ የነበረው 6.25 ትሆናለች፤ የተረፈው 2.08 ሊትር ነው። የአንድ ኪሎ ሜትር መሻሻል ከአራት ኪሎ ሜትር መሻሻል በለጠ።

ይህ የሚገርም የሚመስለው ሊትርና «በሊትር ስንት» የሚለው ቁጥር ኢርቱዕ ወደር (አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላው ግማሽ የሚሆንበት) ስላላቸው ነው። 240 ኪ.ሜ ለመሄድ በሊትር 8 የሚሄድ መኪና 30 ሊትር፣ 12 የሚሄድ 20፣ 16 የሚሄድ 15 ሊትር ይፈጃል። ከ8 ወደ 12 መውጣት 10 ሊትር ያተርፋል፤ ከ12 ወደ 16 መውጣት ግን፣ ያው አራት ኪሎ ሜትር ሆኖ፣ 5 ሊትር ብቻ። ትልቁ ትርፍ ያለው ከታች፣ በላተኛው መኪና ዘንድ ነው። እኛ አገር «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ለጨዋታ ይበቃል። ገንዘብ ለማውጣት ሲወስኑ ግን በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር የሚለውን እንዲይዙ አጥብቀን እንመክራለን።

አንድ ነገር ብቻ ውሳኔውን ሊገለብጠው ይችላል፤ የሚሄዱት ርቀት። 5 ለ2.08 ሲካፈል 2.4 ነው። ቪትዟ በወር ከአይሱዙው 2.4 እጥፍ በላይ የምትሄድ ከሆነ፣ ለምሳሌ አይሱዙው 1,000 እሷ 3,000 ኪ.ሜ፣ ቪትዟ 62 ሊትር፣ አይሱዙው 50 ሊትር ያተርፋሉና እሷ ትቀድማለች። የጥገናው ዋጋ ከተለያየም፣ ዋጋውን በወር ለሚተርፈው ብር አካፍለው በስንት ወር እንደሚመለስ ይዩ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ይላል። አሁን ያለችኝ የቤንዚን መኪና በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ነው። 15 ከ8 ስለሚበልጥ ኤሌክትሪኩ ይበላል ማለት ነው?
አንባቢ፣ አዳማ

መልስ፦ አይደለም። ሊትርና ኪሎዋት ሰዓት አይነጻጸሩም፤ ሁለቱንም በመቶ ኪሎ ሜትር ወደ ብር ይለውጡ። ቤንዚኑ 8 ሊትር በ130፣ 1,040 ብር። ለኤሌክትሪኩ በመጀመሪያ 15ን አይመኑ፤ መኪናው የሚያሳየው ከባትሪው የወጣውን ነው፣ እርስዎ የሚከፍሉት ግን በቆጣሪው ያለፈውን ነው። ሲሞላ በሙቀት የሚጠፋ አለ፤ 15ን 17 አድርገው ይያዙ። እርግጠኛውን ለማወቅ፣ ሌላ ከባድ ዕቃ ሳይሠራ ሌሊት እየሞሉ የቤት ቆጣሪዎን ከመሙላት በፊትና በኋላ ያንብቡ።

ከዚያ በታሪፉ ያባዙ። እዚህም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ሂሳቡና ፍጆታው ወደር የላቸውም። ስለዚህ የወር ሂሳብዎን ለጠቅላላ ፍጆታ አካፍለው የሚያገኙት አማካይ ለመኪናው አያገለግልም። ምድጃውና አምፖሉ በሚፈጁት ላይ መኪናው ሲጨመር ፍጆታዎ ወደ ላይኛው እርከን ሊወጣ ይችላል። የሚደርሱበትን የመጨረሻ እርከን ዋጋ ይውሰዱ። ለምሳሌ 8 ብር ብንለው፣ 17 በ8፣ 136 ብር በመቶ ኪሎ ሜትር። ከ1,040 ጋር ያለው ርቀት ሰፊ ስለሆነ ታሪፉ እጥፍ ቢሆን እንኳ ውጤቱ አይገለበጥም።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ወደ ሐዋሳ እህል እልካለሁ። 50 ኩንታል የሚጭነው ኤንፒአር ተጭኖ በሊትር 6 ኪ.ሜ ይሄዳል። 100 ኩንታል የሚጭነው ኤፍኤስአር በሊትር 4። ነዳጁ በእኔ ነው። ሰዉ ኤንፒአር ይቆጥባል ይለኛል፤ ምን ትላላችሁ?
የእህል ነጋዴ፣ አዳማ

መልስ፦ እርስዎ የሚሸጡት ኩንታል እንጂ ኪሎ ሜትር አይደለም። ስለዚህ የእርስዎ «ለአንድ» ኩንታል ነው። መንገዱን 225 ኪ.ሜ ብለን እንያዝ። ኤንፒአሩ 225 ለ6፣ 37.5 ሊትር ይፈጃል፤ ለ50 ኩንታል ሲካፈል በኩንታል 0.75 ሊትር። ኤፍኤስአሩ 225 ለ4፣ 56.25 ሊትር፤ ለ100 ሲካፈል በኩንታል 0.56 ሊትር። በሊትር ያነሰ የሚሄደው መኪና በኩንታል ረከሰ።

ይህ ግን ሞልቶ ከተጫነ ነው። ኤፍኤስአሩ 60 ኩንታል ብቻ ይዞ ቢወጣ 56.25 ለ60፣ በኩንታል 0.94 ሊትር ይወጣል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት 56.25ን ለ0.75 ሲያካፍሉ፣ በ75 ኩንታል ላይ ነው። ጭነቱ ሲቀል ትልቁም መኪና ፍጆታው በመጠኑ ስለሚቀንስ፣ በተግባር መስመሩ ከ75 ጥቂት ዝቅ ይላል። ከዚያ በታች ያለዎት ዕለት 50ውን በኤንፒአር ይላኩና ቀሪውን ለሚቀጥለው ጭነት ያቆዩት።

ባዶ መመለሱንም ማን ይከፍላል? ነዳጁ በእርስዎ ከሆነ እርስዎ ነዎት። ኤንፒአሩ ባዶውን በሊትር 7.5፣ ኤፍኤስአሩ 5 ቢሄዱ፣ ለመመለሻ 30 እና 45 ሊትር ይጨመራል። ደርሶ መልሱ ኤንፒአር 67.5 ሊትር፣ በኩንታል 1.35፤ ኤፍኤስአር 101.25 ሊትር፣ በኩንታል 1.01። በብር 175 እና 132 ገደማ ነው። ብዙ ነጋዴ በኩንታል የሚከስረው እዚህ ጋ ነው፦ የመሄጃውን ነዳጅ ብቻ ወስዶ ዋጋ ይቆርጣል።

መመለሻ ጭነት ካገኙ ሂሳቡን በኩንታል ብቻ መያዝ አይበቃም፤ ሁለቱ ጭነቶች የተጓዙት ርቀት ስለማይመሳሰል ኩንታሉን በኪሎ ሜትሩ ያባዙ። ኤፍኤስአሩ 100 ኩንታል እህል ሐዋሳ አድርሶ፣ ባቱ ላይ 80 ኩንታል ቲማቲም ጫነ እንበል፤ ከባቱ አዳማ 115 ኪ.ሜ ይሁን። መሄጃው 22,500፣ መመለሻው 9,200፣ በድምሩ 31,700 ኩንታል ኪሎ ሜትር። ነዳጁ መሄጃ 56.25፣ ከሐዋሳ ባቱ ባዶ 110 ለ5፣ 22፤ ከባቱ አዳማ ተጭኖ 115 ለ4፣ 28.75፤ በድምሩ 107 ሊትር። ለ1,000 ኩንታል ኪሎ ሜትር 3.4 ሊትር ገደማ ወጣ፤ ባዶ ቢመለስ ኖሮ 101.25 ለ22.5፣ 4.5 ሊትር ነበር። በዚህ ስሌት የእህሉ ድርሻ 76 ሊትር፣ በኩንታል 0.76፤ የቲማቲሙ 31 ሊትር፣ በኩንታል 0.39 ሊትር ይሆናል። ከቲማቲሙ ባለቤት ጋር ስለ ኪራይ ሲነጋገሩ፣ ከ0.39 ሊትር በታች የሚያስገባ ዋጋ ከተስማሙ የእርሱን ነዳጅ በእህልዎ ላይ እየከፈሉለት መሆኑን ይወቁ፤ የጭነቱንም ኩንታል በሚዛን እንጂ በሳጥን ቁጥር አይቀበሉ።